ማሰሪያውን ማን አሰረው?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ የጫማ ገበያ መስሏል። ባሕር ዳር ውስጥ ቅዳሜና እሑድ በቡድን ሆነው ተራራ የሚወጡ ሰዎች በዝተዋል፤ ከእነሱም መካከል ቁርጭምጭሚቱ የሚታጠፍበት፣ የሚያብጥበት፣ ቁልቁለት ሲያይ ልቡ የሚፈራ አይጠፋም። «አንድ ጡረተኛ አሉ፤ እግር ያውቃሉ» ይባባሉና ይመጣሉ። ባለፈው ወር የመጣችው የባንክ ሠራተኛ ስልኳን ከፍታ ሦስት ዓይነት ጫማ አሳየችኝና የትኛው እንደሚሻላት ጠየቀችኝ። ስልኩን መልሼ ሰጠኋትና አሮጌ ጫማዋን ይዛ እንድትመጣ ነገርኋት። ቅር አላት። በማግስቱ ግን ይዛ መጣች።

አሮጌውን አይቼ ሳበቃ አንድ ከስክስ ጫማ ፊቷ አስቀመጥሁና ወንበር ሰጠኋት። ከዚያ እጆቼን ወደ ኋላዬ አጣምሬ ቆምሁ። ማሰሪያው ተወሳሰበባት፤ ቀና ብላ አየችኝ። አላገዝኋትም። እንደገና ጎንበስ ብላ ስትታገል ቆየችና በመጨረሻ ተሳካላት። ሰውየው ኩራተኛ ነው ብላ ሳትሄድ አልቀረችም። ብዙ ሰው እንዲህ ይለኛል፤ ባለቤቴም ለእንግዳ እንኳ ጎንበስ አትልም እያለች ትወቅሰኛለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጫማ ሥራ ኖሬ ያተረፍሁት ዋናው ትምህርት ግን ይኸው እጅን ወደ ኋላ ማድረግ ነው። የተማርሁትም በአንድ ሰው እግር መሰበር ነው።

የተወለድሁት መራዊ ነው። አባቴ ያስተማረኝ ጸሐፊ እንድሆንለት ነበር፤ ባሕር ዳር በአንድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ባለ ወርክሾፕ ስቀጠር የነገርሁት «ሆስፒታል ገባሁ» ብዬ ብቻ ነው። ወርክሾፑ ክራንችና የእግር ድጋፍ፣ እንዲሁም እግሩ ለተጎዳ ሰው የሚሆን ጫማ የሚሠራበት ነው። ልጁ ቆዳ ሲቆርጥ እንደሚውል የሰማ ቀን አባቴ አኮረፈኝ፤ ለፋሲካ እንኳ ቤት ስሄድ ከእኔ ጋር ብዙም አላወራም። በአገራችን ቆዳ የነካ እጅ ምን ይባል እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። በኋላ ጉልበቱ ደክሞ እኔ የሠራሁለትን ጫማ ሲያደርግ ነገሩን ማንሣት ተወ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

ደመወዜ ለመኖር የሚበቃ፣ ለመኩራራት የማይበቃ ነበር። አለቆችም መጡ፣ ሄዱ። አንዱ በወር ስንት ጥንድ ጫማ እንደወጣ ብቻ ይጠይቅ ነበር፤ ሌላው የወርክሾፑን በር አረንጓዴ አስቀባና ተዛወረ። መካከል ላይ ሁለት ዓመት ያህል በየወረዳው እየዞርሁ የእግር ድጋፍ እንድለካ ተመድቤ ነበር፤ ያኔ የገጠር መንገድ እግርን ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አየሁ። ሙያ ያስተማሩኝ ግን አለቃ ሆነው የማያውቁት ጋሽ ውበቱ ናቸው።

ጋሽ ውበቱ የጎንደር ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ ሙያውን ከአጎታቸው የወረሱ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቴን አመመኝ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ እግሩን አያዩም። አሮጌ ጫማውን ይቀበሉታል። ጫማውን ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ዝም ብለው ያዩታል። ታኮው በውጭ በኩል ከተበላ ሰውየው እግሩ ወደ ውጭ እየተንጋደደ ነው የሚረግጠው፤ በውስጥ በኩል ከተበላ ደግሞ መሐል እግሩ ወደ መሬት ተኝቷል። የተረከዙ ግድግዳ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ከዚያ ወገን ድጋፍ ይፈልጋል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይሉ ነበር፤ ሥሩ ለእሳቸው አሮጌ ጫማ ነው። ሰው ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ ያፍራል፣ ይረሳል፣ ይደብቃል፤ ጫማው ግን አይደብቅም።

ጠዋት እግር አይለኩም ነበር። እግር ቀኑን ሲረግጥ ውሎ ያብጣልና ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይጠብባል። የሚለኩት ከምሳ በኋላ፣ ያውም ለጉዞ የሚደረገውን ወፍራም ካልሲ አስደርገው ነው። የእግር ጣት ከጫማው ጫፍ በአውራ ጣት ስፋት ያህል መራቅ አለበት፤ አለዚያ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይጠቁራል። ተረከዝ ግን ጫማው ውስጥ መንቀሳቀስ የለበትም። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፤ ጣቱን አስጨንቆ ተረከዙን ያላላል።

ከዚያ ጫማውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዝዙታል። በቀላሉ ከተጠማዘዘ ለደከመ ቁርጭምጭሚት አይሆንም። ጫፉን ያጥፉታል፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው እንጂ መሐሉ ላይ አይደለም። መጨረሻ ላይ የተረከዙን ግድግዳ ከኋላ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፤ ከሰረጎደ ይመልሱታል። ወርክሾፑ ጓሮ ከጣውላ የሠሩት አቀበት ነበራቸው፤ ከሥሩ ከጣና ዳር በእጃቸው ለቅመው ያመጡት ድንጋይ ተነጥፎበታል። አዲስ ጫማ ያደረገ ሁሉ እዚያ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። «ሜዳ ላይ ክፉ ጫማ የለም» ይሉ ነበር።

አንድ ልማዳቸው ግን አይገባኝም ነበር። ሰውየው ጫማውን ሲያደርግና ሲያስር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ሽማግሌ ይሁን፣ አሮጊት ይሁን፣ ቄስ ይሁን፣ ጎንበስ አይሉም። ይህን ሳይ እኔ ነበርሁ የማፍረው። በእኛ አስተዳደግ ታላቅ ሰው አጎንብሶ ከማሰሪያ ጋር ሲታገል ቆሞ ማየት ነውር ነው። ወገባቸውን ያማቸዋል ብዬ ለራሴ አቃለልሁት። እሳቸው በሌሉበትም እየተንበረከክሁ አስር ነበር፤ ምርቃቱ ደስ ይል ነበር።

ስለ ሥራው ብዙ አውቃለሁ የምልበት ጊዜ ነበር። አስካል የምትባል የግብርና ባለሙያ ሐሙሲት አካባቢ ማሳ ለማሳ ስትዞር ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ደጋግሞ ተጣምሞባት መጣች። እኔ እስከ ባት የሚደርስ ከስክስ መረጥሁላት። ጋሽ ውበቱ ከእጄ ወሰዱና እግሯን አስረህ ልታስተኛው ነው ወይ አሉኝ። አጠር ያለ፣ ተረከዙ ጠንካራ፣ ሶሉ ሰፋ ያለና ከመሬት ብዙ ያልራቀ ጫማ ሰጧት፤ በየጠዋቱም ጥርሷን ስትፍቅ በአንድ እግሯ እንድትቆም አዘዟት። ስቃ ሄደች። ከወራት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ በአንድ እግሯ ቆማ ዓይኗን ጨፍና አሳየችን። ረጅም ጫማ የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ ጅማቱ የላላ ወይም መገጣጠሚያው የታመመ። ለሌላው ግን ጡንቻውን ያሰንፈዋል። ይህን ከያዝሁ በኋላ የቀረኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

የኔታ ጥበቡ ወርክሾፓችን የመጡት ጋሽ ውበቱ ለእኅታቸው ልቅሶ ጎንደር በሄዱበት ሰሞን ነው። በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ደብር ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸው ነበር። ያን ጊዜ ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ግራ ቁርጭምጭሚታቸው በተማሪነታቸው ጊዜ ወልቆ በወጌሻ የተመለሰ ነው፤ ጅማቱ ግን እንደላላ ቀርቷል። ማኅሌት ሲቆሙ መቋሚያው ይደግፋቸዋል። የሚያስጨንቃቸው መቆሙ ሳይሆን አንድ ጉዞ ነበር።

ዜማ ያስተማሯቸው መምህር የተቀበሩት ከእንፍራንዝ በላይ፣ ተራራ ላይ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። መምህሩ ሊሞቱ ሲሉ ሙት ዓመቴን በዜማ አስብልኝ ብለዋቸው፣ የኔታም ቃል ገብተው ነበር። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከአስፋልቱ ተነሥተው ግማሽ ቀን በእግራቸው ይወጣሉ፤ መቃብሩ አጠገብ ቆመው ያዜማሉ፤ በማግስቱ ይወርዳሉ። በፊተኛው ዓመት ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ እግራቸው ታጥፎባቸዋል።

«እግሬ ቃሌን እንዳያስበላኝ ብዬ ነው የመጣሁ» አሉኝ።

ያን ሰሞን ከልባሽ ተራ አንድ የውጭ አገር ከስክስ አግኝቼ ነበር። ቆዳው ወፍራም፣ የተረከዙ ግድግዳ የማይበገር፣ ሶሉ የማይጠማዘዝ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚደርስ፣ በየጎኑ ሰባት ሰባት ቀዳዳ ያለው። ከጋሽ ውበቱ የተማርሁትን ፈተና ሁሉ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ለካሁ፤ በወፍራም ካልሲ ለካሁ፤ በጣውላውና በድንጋዩ ላይ አስወጣሁ፣ አስወረድሁ። ቁርጭምጭሚታቸው ንቅንቅ አላለም። የኔታ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ተንበርክኬ ከታች ጀምሮ ቀዳዳ በቀዳዳ እየሳብሁ ያሰርሁላቸው እኔ ነኝ። የፈታሁላቸውም እኔ ነኝ። እሳቸው እጃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ እንዳደረጉ ከላይ ይመርቁኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ክሩ አልበዛም ወይ አሉኝ። የሚደግፍዎ እሱ ነው አልኋቸው፤ እስከ ላይ አጥብቀው እንዲያስሩት ደጋግሜ አሳሰብሁ፤ መምከሬንም ካርዳቸው ላይ ጻፍሁ።

ያን ኅዳር መውጣቱን በሰላም ወጡ። ደጁ ላይ እንደ ሥርዓቱ ጫማቸውን አወለቁ። ለማደሪያ ሲሄዱ አደረጉ፤ ለኪዳን ሲመለሱ አወለቁ። ከቅዳሴና ከመቃብሩ በኋላ ለመውረድ እንደገና አደረጉት። ከደጁ ወረድ ብሎ፣ ውሃ የበላው ቁልቁለት ላይ፣ ግራ እግራቸው ጫማው ውስጥ ዞረ። ቁርጭምጭሚታቸው ሁለት ቦታ ተሰበረ። የአገሬው ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ አወረዳቸው።

ሆስፒታል መግባታቸውን ሰምቼ ሮጥሁ። እሳቸው ተኝተው ነበር። ከአልጋው ሥር ጫማውን ሳይ ዓይኔ የሄደው ወደ ማሰሪያው ነው። ከሰባቱ ቀዳዳ ክሩ የገባው በሁለቱ ብቻ ነው፤ የተረፈው ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ተወትፏል። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ደስ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ አይደለም ማለት ነው። ወርክሾፕ ተመልሼ ካርዱ ላይ «ታካሚው የተሰጣቸውን ምክር ባለመፈጸማቸው ጉዳት ደርሷል» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። የሰው እግር ተሰብሮ እኔ የማስበው ስለ ስሜ ነበር።

ጋሽ ውበቱ ሲመለሱ ካርዱን አሳየኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡት። አልተቆጡም።

«ማሰሪያውን ማን አሰረው?» አሉኝ።

«ተራራው ላይ ራሳቸው ናቸው።»

«እዚህ ነው የምልህ። ስትለካ።»

«እኔ።»

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«ሦስቱንም።»

«እንግዲያ ሲያስሩ አይተሃቸው አታውቅም» አሉ። ካርዱን መለሱልኝ። «አየህ አንተ ይበልጣል፣ እጅ ሲረዳ ዓይን ይታወራል።»

ይበልጣል ብለው ስሜን ጠርተው ሲናገሩኝ ከስንት አንዴ ነው። ከዚያ ቁጭ አሉና ቄስ በቀን ስንት ጊዜ ጫማ ያወልቃል ብለው ጠየቁኝ። የእናቴ አባት ቄስ ነበሩ፤ በልጅነቴ ደጀ ሰላም ላይ የተደረደረ ጫማ ስዘል ነው ያደግሁት፤ ያን ግን ከሥራዬ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። የእኛ ሰው ጫማውን ብዙ ያወልቃል። ቤተ ክርስቲያን የሚስም ደጁ ላይ ያወልቃል፤ መስጊድ የሚሄድ በቀን አምስት ጊዜ ያወልቃል፤ ወንዝ የሚሻገር አውልቆ ትከሻው ላይ ያንጠለጥላል። ያን ከስክስ የሠራው የውጭ አገር ሰው ግን ባለቤቱ ጠዋት አስሮት ከጉዞ ሲመለስ እንደሚፈታው አስቦ ነው የሠራው። እኔም የመረጥሁት ለዳገቱና ለቁልቁለቱ ብቻ ነበር። ደጁን ረሳሁት።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድሁ፤ የኔታ ነቅተዋል። ያን ጊዜ እጃቸውን አየሁ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ መገጣጠሚያቸው አብጦ ደርቋል። ሦስት ጊዜ ፊታቸው ስንበረከክ እነዚህ ጣቶች ጋቢው ውስጥ ነበሩ። የሄድሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው፤ እሳቸው ግን ቀድመው ጫማህን አበላሸሁብህ አሉኝ። ስለ ካርዱ ሳልነግራቸው ምርቃታቸውን ተቀብዬ ወጣሁ።

አጥንቱ ገጠመ፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን ደርቆ ቀረ። ሌላው ማኅሌት ሲቆም የኔታ ተቀምጠው እንደሚያዜሙ ሰማሁ። አንድ ዓመት በበቅሎ ሊሄዱ ሞክረው ነበር፤ ድንጋያማው ላይ ሲደርሱ መውረድና በእግር መሄድ ግድ ሆነባቸው፣ ከመንገድ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የመምህራቸው ሙት ዓመት ያለ እሳቸው ዜማ ያልፍ ጀመር። ወርክሾፕ አልመጡም። እኔም ቤታቸውን አውቀው ነበር፤ መሄድ አፈርሁ። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ግን አስታውስ ነበር፤ ያን ወር ሥራ አይጥመኝም።

ጥያቄዎቼ ከዚያ በኋላ ተለወጡ። ለጉዞ የሚሆን ጫማ ፈልጎ የሚመጣውን ሁሉ ወዴት ትሄዳለህ ብቻ ሳይሆን የት የት ታወልቃለህ፣ ማን ያስርልሃል፣ ጣትህን እስቲ አሳየኝ እለው ነበር። ከመራዊ የመጣች አንዲት ነጋዴ ጫማዋ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ እግሯ ይታጠፍባት ነበር፤ ለካ ለሶላት ስታወልቅ እንዳይዘገይባት የተረከዙን ግድግዳ አጣጥፋ ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ ነው የምትሄድበት። ያን አስቀርቼ ከጎን ዚፕ ያለው ሰጠኋት፤ ሌላ ሕክምና አላስፈለጋትም። አንድ የጣና ደሴቶች አስጎብኚም ነበር፤ ከጀልባ ሲወርድ እግሩ ውሃ ይነካልና ወፍራሙን ከስክስ ትቶ በሸራ ጫማ ድንጋይ ላይ ይዘላል። ለእሱ ደግሞ ውሃ ቶሎ የሚያንጠፈጥፍ ግን ተረከዙ የጠነከረ ጫማ ፍለጋ ሁለት ወር ዞሬያለሁ። ሁሉንም ሲያስሩ ያየሁት እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ነው።

ጋሽ ውበቱ ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ልጠይቃቸው ስሄድ የወርክሾፑ ድንጋዮች አሉ ወይ አሉኝ፤ አሉ አልኋቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ከእሳቸው ቀብር ስመለስ በጣውላው አቀበት ላይ ብቻዬን ወጥቼ ወረድሁ፤ ሌላ የማደርገው አጣሁ።

የእኔም ጡረታ ደረሰ። አሮጌ ካርዶችን ለተተኪዬ ሳስረክብ የየኔታ ጥበቡን አገኘሁት። ያ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ነው፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ማንም የማያየው ወረቀት ላይ የአንድ ደግ ሰው ስም ጥፋተኛ ሆኖ ተቀምጧል። ከሥሩ «ታካሚው ማሰሪያውን ራሳቸው ማሰር መቻላቸውን ባለሙያው አላየም» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄድሁ።

የኔታ ሰማንያን ተሻግረዋል። ከበራቸው ሥር ከዘራቸውን ይዘው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ በድምፄ አወቁኝ። ተቀምጬ ስለ ካርዱ ነገርኋቸው። ጥፋቱን በእርስዎ ላይ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬያለሁ አልኋቸው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ጣቴን የደበቅሁህ እኔ ነኝ» አሉ። «ድጓ የሚገልጥ ጣት ክር ማሰር አቃተው ብዬ ለመናገር አፈርሁ። አንተም ደግሞ በፍቅር ታስርልኝ ነበር።»

«እዚያስ የሚያስርልዎ ሰው አልነበረም?»

«ሞልቶ። ስነሣማ ቤት ተማሪ አስሮልኝ ነበር፤ ደጁ ላይ ግን ቄሱም ዲያቆኑም ጎንበስ ቢሉ እምቢ አልሁ። በእግዜር ደጅ ሰው እግሬ ሥር ተንበርክኮ ማየት አይሆንልኝም። እዚያ የሚሰገደው ለእሱ ነው።»

ነገሩ ሙሉ ሆኖ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። የእኔ ትሕትና ዓይኔን ጋረደ፤ የእሳቸው ትሕትና ጫማውን ሳይታሰር አስቀረ። በሁለታችን መካከል አንድ እግር ተሰበረ። ይህን አልነገርኋቸውም።

ልሄድ ስነሣ አሁንም ጫማ እሠራ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጡረታ ወጣሁ አልኋቸው።

«እኔም ጡረተኛ ነኝ» አሉ፤ «ቃሌ ግን ጡረታ አልወጣም።»

ለቃላቸው የሚሆነውን ጫማ የሠራሁላቸው በቤቴ በረንዳ ላይ ነው። የደረቀ ቁርጭምጭሚት ስለማይታጠፍ ሶሉ ራሱ መንከባለል አለበት፤ ስለዚህ ፊቱን እንደ ታንኳ አፍንጫ ቀና አደረግሁት፣ ታኮውንም ከኋላ ሸረፍ አደረግሁ። የተረከዙን ግድግዳ አጠነከርሁ። አጥንቱ በተሰበረበት በኩል እንዳይፈገፍጋቸው ከውስጥ ለስላሳ ስፖንጅ አለበስሁ። ክር የለውም። ከፊት እስከ ጣቶቹ ድረስ ይከፈታል፤ የሚዘጋውም የሕፃናት ጫማ ላይ እንዳለው ዓይነት በሚለጠፉ ሁለት ሰፋፊ ጠፍሮች ነው። ጠፍሩን በመዳፍ መጫን ይበቃል። ከተረከዙ ኋላ የከዘራ እጀታ የሚገባበት ማንጠልጠያ ሰፋሁለት።

ጫማውን ፊታቸው አስቀምጬ እጆቼን ወደ ኋላ አጣመርሁ። የመጀመሪያ ቀን አልቻሉም። ሴት ልጃቸው «ያግዟቸው እንጂ ጋሼ» አለችኝ፤ እሳቸው ራሳቸው «ተይው» አሏት። ማንጠልጠያው ጠቦ ነበር፤ ፈትቼ አሰፋሁት። በሁለተኛው ቀን የላይኛው ጠፍር አጠረ፤ አስረዘምሁት። በሦስተኛው ቀን ግድግዳ ተደግፈው እንደቆሙ፣ የማንም እጅ ሳይነካው አደረጉት። ከዚያ አወለቁት፤ እንደገና አደረጉት። ሰባት ጊዜ ቆጠርሁ። በአንድ እግር መቆሙንም፣ አጥር ይዘው ቢሆንም፣ አልተውንም።

ኅዳር ላይ መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሳምንት ሄድን፤ እሳቸው፣ ልጃቸውና እኔ። ዛሬ የገጠር መንገድ ተሠርቶ መኪና እስከ ተራራው ወገብ ይወጣል። የቀረውን የአንድ ሰዓት አቀበት በሁለት ሰዓት ወጣነው። ደጁ ላይ አወለቁ። መቃብሩ አጠገብ ልጃቸው መቋሚያውን አቀበለቻቸውና ቆሙ። በተቀመጡበት የከረሙ ሰው ቆመው አዜሙ። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ አንዳንድ ቦታ ይቆረጣል፤ ከቆመበት ግን ይቀጥላል። እኔ ዜማ አላውቅም። አለቀስሁ ግን።

ሲጨርሱ ወደ ደጁ መጣን። ጫማቸውን ሊያደርጉ ሲሉ የደብሩ ቄስ ፈጥነው ጎንበስ አሉ። ይተዉት አባ አልኋቸውና እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምሁ። የኔታ ከዘራቸውን ገልብጠው ማንጠልጠያውን ሳቡ፤ ተረከዛቸው ገባ። የታችኛውን ጠፍር በመዳፋቸው ጫኑት። የላይኛው አመለጣቸው። ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ የድሮው የራሴ ሐፍረት ነበር። እጄ ሊሄድ ሲል ያዝሁት። ሁለተኛ ሳቡት፤ ተለጠፈ። ግራ እግራቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ረገጥ ረገጥ አደረጉ፤ የደጁን መቃን ተሳልመው መንገድ ጀመሩ።

ከኋላቸው ሆኜ፣ ዓይኔን ከቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሳልነቅል ወረድሁ። የወደቁበትን ቦታ አላውቀውም፤ ውሃ የበላው ቁልቁለት ነው ሲባል ብቻ ነው የሰማሁት። መንገዱ ደግሞ ሁሉም ውሃ የበላው ነው። በእያንዳንዱ ቦይ ላይ ይኼ ነው እያልሁ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ እሳቸው ከዘራቸውን ተክለው ይሻገራሉ። ብዙ ከወረድን በኋላ መቻል አቃተኝ።

«የኔታ፣ ያን ጊዜ የወደቁበት የት ላይ ነው?»

ሳይቆሙ፣ ወደ ኋላም ሳይዞሩ መለሱልኝ።

«እሱንማ ካለፍነው ቆየን።»

ከደጁ ጀምሮ እጆቼ ከኋላዬ እንደተጣመሩ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ፈታኋቸው።